ቀኑን የረሳው ኮምፒዩተር

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር፣ የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት ለወላጆች በሚሰጥበት ሳምንት ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበር። ማለዳ ማለዳ ሲከፈት ቀኑ ጃንዋሪ 1፣ 2009 ሆኖ ይገኛል። በፈረንጆች አቆጣጠር ግን ዘመኑ 2017 ነበር። እኔም ብዙ ሳላስብ ፈረድኩ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እየሞላች ነው አልኩ።

ስሕተቱ በቀን ብቻ ቢቀር ኖሮ ባልከፋ። ሠራተኛዋ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ውጤት ከፈተና ወረቀታቸው ጋር አመሳክራ፣ የተሳሳተውን አርማ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጣለች። እኔ ደግሞ ያልታረመውን ቅጂ በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ስገለብጠው ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል መኖሩን ነገረኝና ልተካው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀኖቹን አየሁ፤ የእኔ 2017 ይላል፣ የእሷ 2009። አዲሱ የእኔ ነው ብዬ ተካሁት። በዚህ ምክንያት 63 ያመጣ ልጅ 43 ተብሎ ካርዱ ወጣ። አባቱ የፈተናውን ወረቀት ይዘው መጡ። እኔም በእሳቸው ፊት ጥፋቱን በሠራተኛዋ ላይ ጣልኩ።

እሷም ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «መምህር፣ በእኛ አቆጣጠር የሞላሁት እኔ ብሆን ወሩን 5 እለው ነበር፤ ጥር አምስተኛ ወር ነውና። ይህ ግን ሁልጊዜ ወሩንም 1፣ ቀኑንም 1 ነው የሚለው» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ለጥንቃቄ ሲል ማታ ማታ የመብራቱን ብሬከር ያወርዳል። በዚያን ዕለት ቀኑን አስተካክዬ ብሬከሩን እንዳያወርደው ለመንኩት። ጠዋት ቀኑ ትክክል ነበር። በማግስቱ እንደ ልማዱ አወረደው፤ ጠዋት ጃንዋሪ 1፣ 2009 ተመልሶ መጣ። ቀኑን የሚያጠፋው የሰው እጅ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ኮምፒዩተር ተዘግቶ ሳለ ሰዓቱን የሚቆጥረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ክሪስታል ናት። በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ይህ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲከፈል 1 ይሆናል፤ አንድ ሴኮንድም እንዲሁ ይለካል። ኮምፒዩተሩ ሶኬት ላይ እስካለና መብራት እስካልጠፋ ድረስ ኃይል ከዚያ ታገኛለች። መብራቱ ሲቋረጥ ግን የምትኖረው በአንዲት ሳንቲም በምትመስል ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስትደክም ማዘርቦርዱ ፋብሪካው ወደ ሰጠው መነሻ ቀን ይመለሳል። የእኛው መነሻ 2009 መሆኑ ነው እኔን ያሳሳተኝ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ ይህች ባትሪ ስላልነበረችው ባለቤቱ በከፈተው ቁጥር ቀኑን ራሱ ይጽፍ ነበር።

ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ገመዱን ከሶኬት ነቀልኩ፤ የሳጥኑን ብረት በእጄ ነክቼ ከፈትኩት። ባትሪዋ ላይ ሲአር2032 ተጽፏል፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። አዲስ ስትሆን 3 ቮልት ገደማ ትሰጣለች፤ የእኛዋ በቴስተር ስትለካ 1.9 ብቻ አሳየች። አዲሷን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርጌ አስገባሁና ቀኑን ሞልቼ አስቀመጥኩ። በዚያው ቀን ከተሳሳተ ጀምሮ እምቢ ያሉ የኢንተርኔት ገጾችም ተከፈቱ፤ የገጾቹ የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ በተሳሳተ ቀን አይታመንም።

ባትሪ ተቀይሮም ሰዓቱ ከጠፋ፣ የባትሪዋ መያዣ ብረት አለመላላቱንና አለመዛጉን፣ ቅንብሩን ለማጥፋት የሚያገለግለው ጃምፐርም በቦታው መሆኑን ማየት ይገባል። ስሕተቱ ልክ 3 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ባትሪ አትቀይሩ። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ሲኖሩ አንዱ ያንኑ ሰዓት እንደ አገር ሰዓት፣ ሌላው እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ሊያነበው ይችላል፤ የእኛ ደግሞ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል።

የጠፋውን እርማት ከሠራተኛዋ ጋር ተቀምጠን ከፈተና ወረቀቶቹ እንደገና ለቀምነው። የልጁን አባት አስጠርቼ፣ አዲሱን ካርድ እየሰጠኋቸው፣ ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ እሷ ባለችበት ነገርኳቸው። የከሰስኳት በእሳቸው ፊት ነበርና ይቅርታውም በእሳቸው ፊት መሆን ነበረበት። «አውፍ በይኝ» አልኳት።

«አውፍ ብያለሁ መምህር» አለችኝ። «ግን ከእንግዲህ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ራሳችን እንጻፍ።»

እስከ ዛሬ እንደዚያው እንጽፋለን።