ቀላድ ያልተጣለበት ደጋ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደንበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲቃረብ የደጋ ዳሞት ተራሮች በቀኙ ይታዩታል። አውቶቡሱ ግን ወደዚያ አይወጣም። ፍኖተ ሰላም ላይ ሰው አውርዶና ጭኖ፣ በማንኩሳ አድርጎ ወደ ቡሬ ይቀጥላል። የደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ ፈረስ ቤት ያለችው ከዳገቱ በላይ ነው። ስለ ምዕራብ ጎጃም የሚጻፈውም አብዛኛው ነገር አስፋልቱን ተከትሎ ስለሚሄድ እሷን ሳያያት ያልፋል።

የአስፋልቱ ከተሞችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ቡሬ በወረራው ዘመን ብዙ የጣሊያን ጦር የሰፈረባት ምሽግ ነበረች። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል አገራቸው ከገቡ በኋላ፣ ከጎጃም አርበኞችና ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦር የተነሣበትን ግፊት ያልቻለው ጠላት የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደንበጫ ሸሸ። የዓድዋ ድል 45ኛ ዓመት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ዛሬ ቡሬ ወደ ዓባይና ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ መገንጠያ ስትሆን፣ በርበሬዋና በቆሎዋ፣ የዘይት ፋብሪካዋና የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኳ ስሟን ያስጠሩላታል። ፍኖተ ሰላም የዞኑ መቀመጫ ናት። ማንኩሳን ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለዳቸው የባለታሪኩ የበዛብህ ወላጆች መኖሪያ አድርገው ለአገር ሁሉ አስተዋውቀዋታል።

ፈረስ ቤትን ለማየት ግን ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። ቤቶቿ እንደ ማንኛውም የደጋ ከተማ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩ፣ ባሕር ዛፍ የከበባቸው ናቸው። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የገብስ፣ የስንዴና የድንች ማሳ ነው። መታየት ያለበት ቅርስ ይህ ማሳ ራሱ ነው እላለሁ። እያንዳንዷ እርፍ የነካት መሬት በዘር ቆጠራ፣ በክርክርና በሽምግልና ስትከፋፈል የኖረች ናት።

የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ ከተሞችን አመሠራረት ከዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ቺካጎ ገና ጥቂት ጎጆዎች ብቻ በነበሯት እ.ኤ.አ. በ1830 ጄምስ ቶምሰን የተባለ ቀያሽ ጎዳናዎቿን በወረቀት ላይ ነደፈ። ቦታው እየተሸነሸነ የተሸጠው ለቦይ መቆፈሪያ ገንዘብ ለማግኘት ነበር። ሊማም እ.ኤ.አ. በ1535 ስትቆረቆር በአደባባይ ዙሪያ በአራት ማዕዘን ተለክታለች። በእነዚያ አገሮች መጀመሪያ ልኬቱ መጣ፤ ሰፋሪው ቀጥሎ ገባ፤ የቀድሞዎቹን ባለቤቶች የጠየቃቸው አልነበረም።

በዳሞት መሬት የሚታወቀው በወረቀት ሳይሆን በሰው ነበር። ገበሬው በአባቱም በእናቱም ወገን ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት ከደረሰ የርስት ድርሻ ይጠይቃል። የተወላጆቹ ተጠሪ ፈጅ ይባላል፤ ማን ከማን እንደሚወለድ፣ የማን ድርሻ የት እንደሚያርፍ እሱ ያውቃል። ይህን ሥርዓት ከማንም በላይ አብራርቶ የጻፈው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠና አላን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ምሁር ነው። ስለ አማራ የርስት ሥርዓት ያዘጋጀው መጽሐፍ የታተመው፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነበር። በልኬት የተወለደችው ከተማ ልኬትን እንቢ ያለውን አገር ታሪክ አሳተመች።

እንቢታውም የቃል ብቻ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ፈጽሞ አልተቀበለውም። ገማቾች መጥተው ሰብሉን ካዩ ነገ ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ይጣላል፣ ቀላድ ከተጣለ ደግሞ ርስት ይቀራል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ በሌሎች አውራጃዎች ቀላድ የተጣለበት ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ ሲቀር ሰምቷል። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ሸፈቱ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም ተሰማራ። በመጨረሻ ግን የተንበረከከው መንግሥት ነበር፦ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የተጠራቀመውም የግብር ዕዳ ተማረ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን ሊያስተምር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚወሳው የባሌው አመጽ ብቻ ነው።

ርስትን ያስቀረው ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የመሬት ድልድል መጣ፤ ቀጥሎም መሬቱ ተለክቶ ባለይዞታው በእጁ የይዞታ ደብተር ያዘ። ዛሬ በዳሞት ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ላይ ስማቸው ተጽፎ ይገኛል፤ ለሴቶች ይህ ከርስቱም የበለጠ መከታ ሆኖላቸዋል።

የቀድሞውን የድርሻ ቆጠራ በቃል የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። የፈረስ ቤት መምህራንና ተማሪዎች፣ የዞኑም የባህል ባለሙያዎች፣ ድምፅ መቅጃ ይዘው ቤታቸው ቢሄዱ ከእያንዳንዱ ደጅ አንድ መዝገብ ይወጣል። ስልክ እንኳ ይበቃል።