በገና ለመግዛት ለሚያስቡ ምእመናን

በገና የጸሎት አጋዥ እንጂ የዘፈን ማድመቂያ አለመሆኑ በአገራችን ከጥንት የታወቀ ነው። ዳዊት በሳኦል ፊት በገናውን በደረደረ ጊዜ የተጨነቀው ንጉሥ ዕረፍት ያገኝ እንደ ነበረ በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። ስለዚህ በገና የሚገዛ ሰው የጸሎት ጓደኛውን እንደሚመርጥ ሆኖ ሊያስብ ይገባዋል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓቢይ ጾም ወደዚህ ማረፊያ የመጣች አንዲት እኅት ናት። በአቡዳቢ፣ በአል ሪም ደሴት ከሚገኙት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። «አባቴ፣ ከደመወዜ ለእናቴና ለወንድሞቼ ትምህርት ልኬ የሚተርፈኝ ጥቂት ነው፤ የምተኛበትም ክፍል ጠባብ ነው። በዚህች ገንዘብ ትንሽ በገና ብገዛ ይሆነኛልን? ወይስ ከንቱ ወጪ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የብዙዎች ስለ ሆነ የመለስሁላትን እነሆ እጽፋለሁ።

«ልጄ፣ የእናትሽን ድርሻ ቀንሰሽ የምትገዢው በገና ለምስጋና አይመችም፤ ከራስሽ ድርሻ ቆጥበሽ የምትገዢው ግን ከንቱ አይደለም። የቤቱን ባለቤቶች አስፈቅደሽ በቀስታ ብትደረድሪው ጠባብ ክፍል ይበቃዋል» አልኋት።

ስለ መጠኑ ሲሆን፣ የበገና ቁመት በተለምዶ ከ1 ሜትር ይበልጣል። ቁመቱ ሲያጥር ጅማቱም ያጥራል፤ ድምፁም እየቀጠነ ወደ ክራር ይጠጋል። ለጉዞ እንዲመች ጥቂት ቢያንስ አይጎዳም፤ መጫወቻ እስኪመስል ያነሰውን ግን ስለ ርካሽነቱ ብቻ መግዛት አይገባም። አውታሮቹም 10 ይሁኑ፤ የሚደረደሩት 5 ወይም 6 ቢሆኑም በቀሩት ላይ ጣት ያርፍባቸዋል።

ገንዘብ የሚቆጠበው በጌጡ ነው። በቀንበሩና በምሰሶዎቹ ላይ የሚቀረጸው መስቀልና ሐረግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ዋጋውን ያንረዋል እንጂ ለድምፁ አንዳች አይጨምርም። የማይቆጠብባቸው ግን እነዚህ ናቸው፦ ገበቴው ያልተሰነጠቀ፣ ቆዳው በእኩል የተወጠረ፣ ምሰሶዎቹ ያልተጣመሙ፣ መቃኛዎቹም ከጠበቁ በኋላ የማይላሉ ይሁኑ። ከሁሉም ይልቅ እንዚራው ይመርመር። እንዚራ በበርኩማውና በጅማቱ መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት፤ ያ እንደ ንብ የሚያጉተመትም የበገና ድምፅ የሚገኘው በእርስዋ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጅማት ለየብቻው ነክቶ ማድመጥ ያስፈልጋል። ጀማሪ የሆነ ሰው መምህሩን ይዞ ቢሄድ ከዐይኑ ይልቅ በመምህሩ ጆሮ ይገዛል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር የሚወሰድ በገና ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል። የባሕሩ ወበቅ ቆዳውን ያላላዋል፤ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ደግሞ ያደርቀዋል። ከበግ አንጀት የሚሠራው ጅማትም ከአየሩ ጋር ቅኝቱ ይለዋወጣል፤ በዚህ ረገድ የናይሎኑ ይጸናል። በመንገድ ላይ ጅማቶቹን ጥቂት ማላላት፣ ከደረሱም በኋላ በጨርቅ ጠቅልሎ ከማቀዝቀዣው ነፋስ ማራቅ ይበጃል።

እኅታችን ይህን ሰምታ፣ ሐረግ የሌለበት ነገር ግን ድምፁ የሞላ አንድ በገና መርጣ ሄደች። ለሌሎችም የምመክረው ይህንኑ ነው። ያጌጠውን እስኪገዙ ዓመታት ከመጠበቅ ተራውን ይዞ ዛሬ መማር ይሻላል፤ እግዚአብሔር የሚያዳምጠው የደርዳሪውን ልብ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።