በሞያሌ ስለ ብድርና ስለ ዋስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳና በዲላ፥ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ከተሞች ይጠብቁታል። አንደኛው የኢትዮጵያ ሞያሌ፥ ሁለተኛው የኬንያ ሞያሌ ነው። ወሰኑ በ1907 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገ ውል ተወሰነ፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ሕዝቡ ግን በዚህም በዚያም አንድ ነው። ቦረናው፥ ገብራው፥ ቡርጂው፥ ገሪው ከወሰኑ ማዶ አጎት ወይም አማት የሌለው ጥቂት ነው። በታኅሣሥ 2020 የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራ ኬላውን መርቀው ከከፈቱ ወዲህ የጭነት መኪናዎች የሁለቱም መንግሥት ሠራተኞች በአንድ ግቢ ውስጥ እየመረመሯቸው ያልፋሉ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም አስፋልት ስለ ለበሰ፥ ቀድሞ በአቧራ ውስጥ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ዛሬ በአንድ ቀን ያልቃል።

እኔም በሥራ ጉዳይ ወደዚያ ወርጄ በኬንያው ሞያሌ ሦስት ቀን ሰነበትሁ። መንገደኛ ወደ አዲስ አገር ሲደርስ አስቀድሞ ገበያውን ቢያይ የሕዝቡን ኑሮ ቶሎ ያውቃልና፥ በማግሥቱ ማለዳ ወደ ገበያ ወጣሁ። የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶች ዕቃቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ወዲያ ፍየልና በግ ይሸጣል፤ ወዲህ በቆሎና ባቄላ በቁና ይሰፈራል። ከደላሎቹ ጋር ቆሜ ስለ ፍየል ዋጋ ስጠይቅ አማርኛዬን የሰማ አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ «ጋሼ፥ እንደምን አደሩ?» አለኝ። ዕድሜው 24 ዓመት ያህል ነው። አማርኛን የተማረው ከወሰኑ ማዶ ካሉት ዘመዶቹ ነው።

ሻይ እየጠጣን ነገሩን ሁሉ አጫወተኝ። አባቱ ብዙ ከብት ነበራቸው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናም ወቅቶች ተከታትለው ሲከሱ ከብቱ አለቀ፤ የተረፉት ሁለት ላሞችና ጥቂት ፍየሎች ናቸው። በዚያ ድርቅ በኬንያ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ከብቶች፥ በጎች፥ ፍየሎችና ግመሎች አልቀዋል። ስለዚህ ወጣቱ ከእንግዲህ በከብት ብቻ መኖር አይቻልም ብሎ ለማረስ ቈረጠ። ጎሣው ከኮረብታው ሥር ሦስት ኤከር ያህል መሬት ፈቅዶለታል። የሚጎድለው ለማሳረሻና ለዘር፥ የዝናም ውሃም ለሚያጠራቅምበት ጉድጓድ የሚሆን ገንዘብ ነው።

«ታዲያ ብድር አልጠየቅህም?» አልሁት።

«ጠይቄአለሁ፥ ጋሼ። አንድ አበዳሪ ቤት ሄጄ ሦስት ነገር ጠየቁኝ። የመሬት ደብተር አምጣ አሉኝ፤ መሬቱ የጎሣው ነው። ደመወዝ ያለው ዋስ ጥራ አሉኝ፤ በዘመዶቼ መካከል ደመወዝተኛ የለም። ከሚመጣው ወር ጀምረህ በየወሩ ክፈል አሉኝ፤ በሚመጣው ወር በቆሎዬ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነው። በመጨረሻ አንዱ የእናትህን ላሞች በመያዣ አስይዝ ብሎ መከረኝ።»

«አንተስ ምን አልህ?»

«ታናናሾቼ የሚያድጉት በእነዚያ ላሞች ወተት ነው። ዝናሙ ቢቀርና ላሞቹ ቢወሰዱ የአበዳሪው ዕዳ ያልቅ ይሆናል፤ የእናቴን ዕዳ ግን በምን እከፍላለሁ?»

ለዚህ ጥያቄ በዚያች ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ነገር ግን ነገሩን ለመረዳት ሦስት ቃላትን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አማርኛን በመማር ላይ ላሉት የሥራ ባልደረቦቼም ይጠቅማል። «ብድር» ወደፊት ሊመለስ የሚሰጥ ገንዘብ ወይም ንብረት ነው። «መያዣ» ተበዳሪው ባይከፍል አበዳሪው የሚወስደው ንብረት ነው። «ዋስ» ግን ንብረት አይደለም፤ ሰው ነው። «እርሱ ባይከፍል እኔ አለሁ» ብሎ በመካከል የሚቆም ሰው ነው። ቃሉ ከግእዝ የወረደ ስለ ሆነ እኛ በትግርኛ እስከ ዛሬ «ዋሕስ» እንላለን። እንግዲህ መንግሥት የገበሬን ብድር ይደግፋል ሲባል፥ አንዳንድ ጊዜ መንግሥት ራሱ አበዳሪ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ባንኩ አበዳሪ ሆኖ መንግሥት ዋስ ይሆናል ማለት ነው።

በኬንያ የዚህ ነገር ታሪክ ረጅም ነው። የመሬትና የእርሻ ባንክ የተቋቋመው በ1931 ነው፤ ያገለግል የነበረውም ነጮቹን ሰፋሪዎች ነበር። በ1942 የጦርነቱ ዘመን እህል ስለ ተፈለገ፥ መንግሥት በቆሎና ስንዴ ለሚዘራ ሰፋሪ ሰብሉ ቢጠፋበት እንኳ በኤከር የተወሰነ ገንዘብ እንደሚሰጠው ዋስትና ገባ። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ የድርቁን ኪሳራ መንግሥት ለሰፋሪው ተሸክሞለት ነበር። አገሪቱ ነፃነቷን ባገኘችበት በ1963 የእርሻ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ለአፍሪካውያን ገበሬዎች ማበደር ጀመረ። ነገር ግን የእርሻ ብድር ዋናው መያዣ የመሬት ደብተር ሆኖ ቀረ። በሞያሌ ዙሪያ እንደሚገኘው ባለው ሰፊ የግጦሽ አገር መሬቱ የማኅበረሰቡ ነው፤ በ2016 የወጣው የማኅበረሰብ መሬት ሕግም ይህንን አጽንቶታል። ሕጉ መሬቱ በጥቂቶች እጅ እንዳይገባ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ወጣቱ በስሙ የሚያስይዘው ደብተር የለውም።

ይህንን ችግር ለማቃለል መንግሥቱ ልዩ ልዩ መንገድ ሞክሯል። በ2006 የወጣቶች፥ በ2007 የሴቶች የሥራ ፈንድ ተቋቋመ። በ2013 ደግሞ «ኡዌዞ» የተባለው ፈንድ ተጀመረ፤ ትርጓሜውም በስዋሂሊ «ችሎታ» ማለት ነው። ገንዘቡ በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ለሁለተኛ ዙር ቢደርስ ለዚያ የተቀመጠ 6 ቢሊዮን ሽልንግ ነበር። ይህ ፈንድ የሚያበድረው ወጣቶች፥ ሴቶችና አካለ ስንኩላን በቡድን ተደራጅተው ሲመጡ ነው። ወለድ የለውም፤ ለአስተዳደር የሚከፈለው ሦስት በመቶ ብቻ ነው። መክፈል የሚጀመረውም ከስድስት ወር የእፎይታ ጊዜ በኋላ ነው። ደብተር የሌለው ሰው በዚህ ውስጥ መያዣው ጓደኞቹ ናቸው። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

በኅዳር 2022 የተጀመረው «ሐስለር ፈንድ» ሌላ ዓይነት ነው፤ ስሙ «ለፍቶ አዳሪ» እንደ ማለት ነው። በስልክ ከ500 እስከ 50 ሺህ ሽልንግ፥ በዓመት ስምንት በመቶ ወለድ፥ ያለ መያዣ ያበድር ጀመር። ይህ ለቸርቻሪና ለወተት ሻጭ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን በጅምሩ የመክፈያው ጊዜ 14 ቀን ነበር። በ14 ቀን ወተት ተሸጦ ገንዘቡ ይመለሳል፤ በቆሎ ግን በ14 ቀን ቡቃያ ነው። ቶሎ የሚደርሰው የበቆሎ ዘር እንኳ ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። አንድ ብድር ለነጋዴ መልካም ሆኖ ለገበሬ የማይስማማው ስለዚህ ነው።

ከዚህም ሌላ በ2017 የወጣ ሕግ ከብትንና ሰብልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን ፈቀደ፤ ኢትዮጵያም በ2019 ተመሳሳይ አዋጅ አውጥታለች። በ2020 መጨረሻ ደግሞ የኬንያ መንግሥት 3 ቢሊዮን ሽልንግ መድቦ ከሰባት ባንኮች ጋር የዋስትና ሥራ ጀመረ፤ ተበዳሪው ባይከፍል ከኪሳራው ከፊሉን መንግሥት ይሸከማል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ቢሆንም ላምን መያዣ ማድረግ ባንኩን ያሳርፋል እንጂ የወጣቱን እናት አያሳርፍም።

በሁለተኛው ቀን ወጣቱ ከአጎቱ ዘንድ ወሰደኝ። አጎቱ በአገሩ የተከበሩ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። ስለ ብድር ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው «እኛም ባንክ ነበረን» አሉኝ። ከብት የሞተበትን ሰው ጎሣው ተሰብስቦ ከብት አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ሥርዓት አለ፤ «ቡሳ ጎኖፋ» ይባላል። ደግሞ ብዙ ከብት ያለው ሰው ለሌለው የምትታለብ ላም ያውሰዋል፤ ይህ «ደባሬ» ነው። ተቀባዩ ወተቷን ይጠጣል፤ ላሟ ግን የባለቤቷ ናት።

«ላሟ በድርቅ ብትሞትስ፥ አባቴ?» አልኋቸው።

«ልጄ፥ በቸልታው እንደ ሆነ እወቅሰዋለሁ። ዝናም ከልክሏት ከሞተች ግን ዝናሙ የእርሱ ልጅ ነው እንዴ እርሱን የምጠይቀው?»

ሽማግሌው ቀጥለው፥ ድርቁ የሰጪውንም የተቀባዩንም ከብት አንድ ላይ ስለ ፈጀው ዛሬ የሚያውስ ሰው እየጠፋ መሄዱን በኀዘን ነገሩኝ። እዚህ ላይ የመንግሥት ዋስትና ለምን እንደሚያስፈልግ ገባኝ። ዘመድ ለዘመዱ ዋስ የሚሆነው ችግሩ በአንድ ቤት ሲደርስ ነው። ችግሩ በአገር ሁሉ በደረሰ ጊዜ ግን ዋስ ሊሆን የሚችለው ከድርቁ አገር ርቆ የሚገኝ፥ ሰፊ ትከሻ ያለው ወገን ብቻ ነው። ይኸውም መንግሥት ወይም የመድን ድርጅት ነው።

የመድኑ ነገር በዚያ አገር ተሞክሯል። በጥር 2010 ሞያሌ በምትገኝበት በማርሳቢት ምድር የከብት መድን ተጀመረ። እያንዳንዱን የሞተ ከብት በዐይን ማየት ስለማይቻል፥ የግጦሹን ልምላሜ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ከሰማይ ይለካዋል፤ ልምላሜው ከተወሰነው መጠን በታች ሲወርድ ገንዘቡ ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍያ በ2011 ተከፈለ። በ2012 በእኛ ቦረናም በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል ተጀምሯል። ብድርና መድን አብረው ቢሄዱ ተበዳሪው በዝናም ጉድለት አይጠፋም ነበር።

በእኛም አገር የምንማርበት ታሪክ አለ። በ1967 በአሩሲ በጭላሎ አውራጃ የተቋቋመው የልማት ድርጅት ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ያድል ነበር። ምርቱም አደገ። ነገር ግን እርሻው ትርፍ እንዳለው የተረዱ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አስለቀቁ። ብድር ብቻውን ለደካማው አይቆምም፤ መሬቱ የማን እንደ ሆነና ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ካልተወሰነ ጥቅሙን ኃይለኛው ይወስደዋል። በ2017 ኢትዮጵያ ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ስትመድብም ጥያቄው ያው ነበር፤ ገንዘቡን ማን ያገኘዋል፥ መቼስ ይመልሰዋል?

በሦስተኛው ቀን ከመሄዴ በፊት ወጣቱን አገኘሁት። የእናቱን ላሞች ላለማስያዝ ቈርጧል። በዚህ ፈንታ አብሮ አደጎቹን እየዞረ በቡድን እንዲገቡ ይለምን ጀምሯል። ስማቸውን የጻፈበትን ደብተር አሳየኝ፤ ስምንት ሆነዋል። ቢያንስ ዐሥር መሆን አለባቸው። «የቀሩትን ሁለት አላጣም» አለኝ፤ «የምፈራው የዝናሙን ነው። ብድሩ እስኪፈቀድ የዘር ጊዜ ቢያልፍስ?»

ውድ አንባቢ፤ አብዛኞቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ነን። የብድር ፎርም የምናዘጋጀው፥ ማመልከቻ የምንቀበለው፥ ማኅተም የምንመታው እኛ ነን። በሞያሌ አካባቢ ዝናም የሚዘንበው በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ኅዳር ገደማ ነው። ማመልከቻው በጠረጴዛችን ላይ አንድ ወር ቢውል ለእኛ አንድ ወር ነው፤ ለገበሬው ግን የግማሽ ዓመት እንጀራ ነው። ለጀማሪ ገበሬ «ገንዘቡ ተፈቅዷል፤ ጠብቅ» እያሉ የዘሩን ጊዜ ማሳለፍ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ማሰኘት ነው። ስለዚህ ፎርሙን ስናዘጋጅ «ምን ታስይዛለህ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «መቼ ትዘራለህ? መቼስ ታጭዳለህ?» የሚሉትን እንጻፍ፤ የመክፈያውንም ቀን ከአጨዳው በኋላ እናድርገው።

ወደ ወሰኑ ስመለስ ሰማዩ በሜጋ በኩል ጥቂት ደመና ይዞ ነበር። ወጣቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ እስከ ኬላው ሸኘኝ፤ ወደ ደመናው አንድ ጊዜ አየና ተሰናብቶኝ ዘጠነኛውን ሰው ፍለጋ በችኮላ ተመለሰ።