የግድግዳው ላብ

ዲላ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ራስጌዬ የሚያርፈው ከሻወር ቤቱ ጋር በሚያዋስነን ግድግዳ ላይ ነው። አንድ የበልግ ሌሊት ብነሳ ትራሴ ቀዝቅዟል። ከበላዬ የሰው ጥላ የመሰለ እርጥበት ወጥቷል፤ ከሥር የደረደርኳቸው ደብተሮቼም ሻግተዋል። የዓመቱ ማስታወሻ ሁሉ እዚያ ነበረ! እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ማንን ትጠረጥሩ ነበር?

እኔ ጎረቤቴን ጠረጠርኩ። ማታ ማታ ሻወር ገብቶ እየዘፈነ ግማሽ ሰዓት ይቆያላ። ሄጄ ተናገርኩት፤ መለሰልኝ፤ ተኮራረፍን። አከራያችን እማማ ደግሞ «ዝናቡ ነው» አሉ። እውነትም ጌዴኦን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ያስመዘገበው እንሰትና ቡና ያለ ዝናብ አይሆንም። የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ በበኩሉ ገና ሳያይ «ቧንቧው ፈንድቷል፤ ሴራሚኩ በሙሉ ይነሳ» አለና ዋጋ ጠራ። እማማ ወደኛ ዞሩ። ኪራይ ሊጨመር ነው ማለት ነው።

እማማ ግን ዕድሜያቸውን ቡና ሲያደርቁ የኖሩ ሴት ናቸው። «ቆይ ልጄ፣ ቡናውን ላስቲክ ስናለብሰው ከሥር ያልበው የለ? ላቡ ከቡናው ነው» አሉኝ። በኔ በኩል ግድግዳው ላይ ላስቲክ በስኮች ዙሪያውን አጣብቀን ሁለት ቀን ተውነው። ጠብታው ፊቱ ላይ ቢሆን የክፍሉ እንፋሎት በሆነ ነበር፤ የተገኘው ግን ከጀርባው ነው። ውሃው ከግድግዳው ይመጣል።

ከዚያ የእርጥበቱን ዳር በእርሳስ ከበብኩት። ቆጣሪ እንዳናይ ሻወሩ የሚጠጣው ከሮቶ ነው። ማታ መሙያውን ዘግተን የውሃውን ልክ ምልክት አደረግንበት፤ ጠዋት ንቅንቅ አላለም። ቧንቧው ነፃ ወጣ። አምስት ቀን ማንም አልታጠበም (እንዴት እንደሸተትን አትጠይቁኝ)። ዝናቡ ሳያቋርጥ እርጥበቱ ከእርሳሱ ወደ ውስጥ ሸሸ፤ ጣራውም ነፃ ወጣ። መውረጃውን በጨርቅ ወትፈን ወለሉ ላይ ውሃ አቆርን፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ሴራሚኩን ብቻ በባልዲ ደጋግመን ረጨነው። በሁለተኛው ቀን እርጥበቱ እርሳሱን ተሻገረ!

በሳንቲም ብንቆረቁር ማዕዘኑ አካባቢ ባዶ ጣሳ ይመስል ጮኸ፤ ከኋላው ማጣበቂያው አልሞላም። ቦያካውም ጥፍር በሚያስገባ ልክ ተሰንጥቋል። ለካ ሴራሚኩ ራሱ ውሃ ባያሳልፍም መጋጠሚያው ሲሚንቶ ነውና ይጠጣል፤ ከጀርባው ውሃ የሚከለክል ቅብ ካልተደረገ ብሎኬቱ ይቀበለዋል። ሠሪው ይህን ቅብ አልቀባም ነበር።

በሙሉ ሊነሳ ከነበረው ውስጥ የተነሳው 11 ሴራሚክ ነው። ተቀባ፣ ደረቀ፣ ተመልሶ ተለጠፈ። ኪራዩ አልጨመረም።

ጎረቤቴን ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አሁንም ሻወር ውስጥ ይዘፍናል፤ እኔም የሻገተውን ማስታወሻ ከሱ ደብተር ላይ እየገለበጥኩ ነው። ጽሑፉ ግን አይነበብም።