የወባ ኪኒን፣ ያለ ወባ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ብዙ አይጠየቅም። "ተመረመርክ ወይ?" ይባላል፣ በቃ። ወባ ነዋ። ፊት ላይ ሽፍታ ከወጣ ምች ነው፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ቡና ውስጥ ጠብ ተደርጎ ይጠጣል። መገጣጠሚያ ካበጠ ደግሞ ቁርጥማት። እኔ ላይ ሦስቱም ስለነበሩ ሦስት በሽታ ተሸክሜ ከረምኩ። ደሜ ታይቶ "ወባ የለም" እየተባለም የወባ መድኃኒት ይታዘዝልኝ ነበር። ብዙም አልፈርድም፤ ወንዝና መስኖ ባለበት የይፋት ቆላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሌላ ምን ይሆናል?

በመጨረሻ ጣርማ በርን ወጥቼ አዲስ አበባ የመገጣጠሚያ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። "ሉፐስ ሳይሆን አይቀርም" አለኝ። የሰውነት መከላከያ ዞሮ የገዛ ቤቱን የሚወጋበት ሕመም ነው፤ ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ግን አልቆረጠም። ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ነው፤ እሱ ደግሞ ጤነኛ ሰው ላይም ስለሚገኝ ብቻውን አያስፈርድም። የቀሩት የደም ውጤቶችና የሽንት ፕሮቲን ገና ናቸው።

ውጤት እየጠበቅን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጻፈልኝ። ማዘዣውን ሳየው ሳቅ አመለጠኝ። ክሎሮኪንን እኛ ቆለኞች ካላወቅነው ማን ያውቀዋል? ምሬቱን፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳክከውን! ይህ የሱ የቅርብ ዘመድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሜፓክሪን የተባለ የወባ ኪኒን ይወስዱ የነበሩ ወታደሮች የቆዳ ሽፍታቸውና የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ሲሻላቸው ታየ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ፍራንሲስ ፔጅ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም መድኃኒቱን ለሉፐስ ሰጥቶ ያየውን ላንሴት መጽሔት ላይ አወጣ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በ1955 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

እናቴ ግን ታሪኩ አላሳመናትም። የወባው ክሎሮኪን በሦስት ቀን ያልቃል። በአራተኛው ቀን ኪኒኑን ከቁርስ ጋር ስውጥ አየችኝና "አሁንም? ካልሠራ ይቅርብሽ እንጂ ልጄ፣ ጉበትሽን ልትጨርሺው ነው?" አለች። ይኼኛው ሥራውን የሚያሳየው በሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም በሁለት በሦስት ወር፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ስድስት ወር ቆይቶ እንደሆነ ለማስረዳት ያየሁት አበሳ!

"በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት ይጀመራል እንዴ?" የሚሉኝም አሉ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ወባ ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የተሰጠኝ ኪኒን አንድም ቀን አልረዳኝም፤ "ሳይሆን አይቀርም" ተብሎ የተጀመረልኝ ነው አሁን ጠዋት ጣቶቼን እያጠፈልኝ ያለው። ሉፐስ ከሆነ ደግሞ ኩላሊት የምርመራ ወረቀት እስኪሞላ ቆሞ አይጠብቅም።

ቆላ ለምትኖሩ ግን ሁለት ነገር ልበል። ይህን መድኃኒት ስለምንወስድ ወባ አይነካንም ማለት አይደለም። ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ክሎሮኪንን ከለመደው ቆይቷል፤ ትኩሳት ሲመጣ አሁንም ደም መመርመር ነው። ፋርማሲ ጠፋ ብላችሁም ተራውን ክሎሮኪን በራሳችሁ አትተኩ፤ ለዓይን የበለጠ አደገኛ እሱ ነው። የዚህም ቢሆን መጠኑ በክብደት ነው የሚሰላው፣ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ5 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ዓይን ሲጀመር ይታያል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ።

ከፀሐይ መሸሹ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሉፐስን ፀሐይ ያባብሰዋልና። ጃንጥላ መያዝ እዚህ ማንንም አይገርምም፤ በሚያዝያ ሙቀት እጀ ረጅም መልበስ ግን "አበደች እንዴ" ያሰኛል። ያሰኝ።

አጣዬ፣ ከሚሴ ወይም ደብረ ሲና ሆናችሁ ይህን ኪኒን የምትወስዱ ካላችሁ፣ የዓይን ምርመራውን የት እንደምታደርጉ ጻፉልኝ። አዲስ አበባ ድረስ መመላለሱ ኪስ ይጎዳል።