«ኡስታዝ፣ በዚህ ውሃ ውዱእ ይሆናል?»



በመስጂዳችን የውዱእ ቦታ ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ከበላዩ መብራት ተሰቅሏል። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመግሪብና በዒሻ መካከል፣ መብራቱን የሚከቡ ቀጫጭን ነፍሳት ይመጣሉ። ሲያርፉ ክንፋቸውን እንደ ተዘጋ ኪታብ ቀጥ አድርገው ያቆማሉ፤ ከኋላቸው እንደ ክር የቀጠነ ጭራ አላቸው። ለሱብሒ ስንመጣ ገንዳው ላይ ሞተው ተንሳፈው እናገኛቸዋለን። የኢማሙ ረዳት ነኝና ቁልፉም መጥረጊያውም እኔ ዘንድ ነው፤ በወንፊት የምለቅማቸውም እኔው ነኝ። ሁሉንም በጅምላ «ትንኝ» ነበር የምንላቸው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ አባት እጅጌያቸውን ጠቅልለው ገንዳው አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። «ኡስታዝ፣ ይሄ ሁሉ በክት ያለበት ውሃ ውዱእ ይሆናል?» አሉኝ።

መልሱን ገና በልጅነታችን ነው የቀራነው። በሻፊዒይ መዝሀብ፣ የሚፈስ ደም የሌለው ነፍሳት ውሃ ውስጥ ወድቆ ቢሞት ውሃውን አይነጅሰውም፤ ሰው ሆን ብሎ ካልጣለው፣ በዝቶም የውሃውን ቀለም፣ ጣዕም ወይም ሽታ ካልለወጠው። ዑለማዎች ለዚህ ከሚያነሱት ማስረጃ አንዱ ዕቃ ውስጥ ስለወደቀች ዝንብ የመጣው ሐዲስ ነው። «አባ፣ ይሆናል፤ እነሱን ገለል ያድርጉና ውዱእዎን ያድርጉ» አልኳቸው። አደረጉ፤ ግን ፊታቸው አልተፈታም። እውነቱን ለመናገር የእኔም አልተፈታም። ጧሂር የሆነ ነገር ሁሉ ለዓይን ደስ አይልም።

ስለዚህ ከገበያ የነፍሳት መርዝ ገዛሁ። ከጎረቤት ገበሬ የጀርባ መርጫ ተዋስኩና በየሳምንቱ ግድግዳውንና የመብራቱን ዙሪያ እረጭ ጀመር። ስጨርስ መርጫውን ከመስጂዱ ጀርባ በሚያልፈው ወንዝ አለቀልቀዋለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ነፍሳቱ ቀነሱ፤ ጀመዓውም አመሰገነኝ። «ጀዛከላሁ ኸይረን፣ አሁን ገንዳው ገንዳ ሆነ» ያለኝን ሰው አልረሳውም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ከእኛው መድረሳ ቁርኣን ያኸተመ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚማር ልጅ ለእረፍት መጣ። ወንዙ ዳር መርጫውን ሳጥብ አገኘኝ። ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና «ኡስታዝ፣ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚያጥቡት?» አለ። አዎ አልኩት። «እንግዲያውስ ጫማዎን ያውልቁ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

መጀመሪያ ወደ ላይኛው መሻገሪያ ወሰደኝ። ፈጠን ብሎ ከሚወርደው ውሃ አንድ ድንጋይ አንስቶ ገለበጠው። ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ጥፍር የምታክል ፍጥረት ተጣብቃለች፤ ስድስት እግር፣ ከኋላዋ ሦስት ጭራ፣ በጎንና ጎኗ የሚርገበገቡ ትንንሽ ቅጠል የሚመስሉ ነገሮች። ቅጠሎቹ ከውሃው ኦክስጅን የምትስብባቸው ስንጥቦች ናቸው። «ከገንዳው በወንፊት የሚለቅሟት እኮ ይቺ ናት» አለኝ። አላመንኩትም።

ፈረንጆቹ «ሜይፍላይ» ይሏታል፣ የሜይ ወር ዝንብ እንደማለት። ዝንብ ግን አይደለችም። ዝንብ ሁለት ክንፍ ሲኖራት ከእነዚህ አብዛኞቹ አራት አላቸው። የሳይንስ ስማቸው ኤፌሜሮፕቴራ ነው፤ በግሪክኛ ለአንድ ቀን ብቻ የሚቆይ ክንፍ እንደማለት። በዓለም ላይ ከ3,000 በላይ ዝርያ አላቸው። ክንፍ ያወጣችው አፏ አይሠራም፣ ምግብ አትበላም፤ ተራክባ እንቁላሏን ውሃ ላይ ጥላ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ትሞታለች። ሌላም የሚገርም ነገር አላት፦ መብረሪያ ክንፍ ካወጣች በኋላ እንደገና ቆዳዋን ትገፋለች። ዛሬ በሕይወት ካሉት ነፍሳት ይህን የሚያደርግ ሌላ የለም። ሱብሓነላህ።

እዚህ ላይ አፈርኩ። እኔ ራሴ በአንድ ሙሓደራ ላይ «አንድ ቀን ብቻ የምትኖር ነፍሳት አለች» ብዬ ለዱንያ አጭርነት ምሳሌ አድርጌያት ነበር። ምሳሌው ያምራል፤ ልክ ግን አልነበረም። ያቺ «የአንድ ቀን» ነፍሳት ከዚያ በፊት ወራትን፣ አንዳንዷም ዓመትና ሁለት ዓመት ወንዝ ውስጥ ኖራለች። እኛ የምናውቀው የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ነው።

ልጁ እንደነገረኝ ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 ፍጥረታትን ሲመድብ እነዚህን ባለ መረብ ክንፍ ከሆኑ ሌሎች ነፍሳት ጋር አንድ ላይ አስገብቷቸው ነበር። የራሳቸው ምድብ የተሰጣቸው በኋላ ነው። ከዚህ የዘር አመዳደብ ሌላ ግን በመኖሪያቸውም ይመደባሉ፤ የወንዝና የሐይቅ፣ ማለትም ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ነፍሳት ይባላሉ። ይህ ለእኔ እንግዳ አልነበረም፤ ፊቅህም እንስሳትን የየብስ፣ የውሃ፣ የሁለቱም ብሎ በመኖሪያቸው ይለያል። በሱረቱ-ን-ኑር አላህ ተንቀሳቃሽ ፍጡርን ሁሉ ከውሃ ስለመፍጠሩ የተወሳበትንም አንቀጽ ስንት ጊዜ አስቀርቼዋለሁ። ግን አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ ድንጋይ ገልብጬ አላውቅም።

የመኖሪያው አመዳደብ ሥራም ይሠራል። የወንዝን ጤና የሚያጠኑ ባለሙያዎች፣ በአገራችንም ያሉት ጭምር፣ ከድንጋይ ሥር ያሉትን ነፍሳት ይቆጥራሉ። የሜይፍላይ እጮች አብዛኞቹ ኦክስጅን የጎደለውንና የተመረዘውን ውሃ አይችሉም፤ ከዝርያዎቻቸው ጥቂቶቹ ብቻ ይታገሳሉ። የላብራቶሪ ምርመራ የሚያሳየው ውሃው በተቀዳበት ሰዓት ያለውን ነው። እጯ ግን ወራቱን ሁሉ እዚያው ነበረች።

ከዚያ ወደ ታች፣ መርጫዬን ከማጥብበት በታች ወዳለው መሻገሪያ ወረድን። አሥር ያህል ድንጋይ ገለበጥን። ባለ ሦስት ጭራ አንድም የለም። ጭቃው ውስጥ ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ነበሩ፤ እነሱ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃም ይኖራሉ። ልጁ ምንም አላለኝም። «የኔ መርዝ ነው?» ብዬ ስጠይቀው መሬት መሬት እያየ «መርዙ የተሠራው ነፍሳት እንዲገድል ነው፣ ኡስታዝ። የግድግዳና የወንዝ ብሎ አይለይም» አለ።

በመካከል ባጃጅ የሚያጥቡ ልጆች አሉ፤ ሳሙናውም፣ የሞተር ዘይቱም እዚያው ይወርዳል። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። እኔ የለሁበትም ብል ግን ይበልጥ ውሸት ይሆናል። የገንዳውን ውሃ ጧሂርነት በማስረጃ አስረድቼ ሳበቃ በዚያው እጄ ሰው ከብቱን የሚያጠጣበትን ውሃ መርዤዋለሁ። ውሃ መውረጃ ላይ መጸዳዳትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች እንደቆጠሩት ለደረሶች አስተምራለሁ፤ ስለ መርጫ የተለየ ባብ እስኪመጣልኝ ነበር የምጠብቀው?

ለሸኻችን ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፤ «ያመሰገኑህ ፊት ንገራቸው» ብቻ አሉኝ። ከዒሻ በኋላ ተነስቼ ተናገርኩ። ከበደኝ፤ አንዳንዱም «ለትንኝ ነው ይሄ ሁሉ?» ብሎ ሳቀ። መርዙን ተውነው። መብራቱን ከገንዳው አርቀን ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ ከለልነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ነፍሳት የሚያብረቀርቅ ነገር ውሃ ይመስላቸዋል፣ የሃንጋሪ ተመራማሪዎች አስፋልት ላይ እንቁላል ሲጥሉ አግኝተዋቸዋል። ገንዳውን ማታ ማታ በቆርቆሮ እንከድነዋለን። ከባጃጅ አጣቢዎቹ ጋር ግን ገና አልተግባባንም፤ እንጀራቸው ነው፣ ሌላ ቦታም የላቸውም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከቂርአት በኋላ ትልልቆቹን ደረሶች ይዤ ወንዝ እወርዳለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከላይኛው መሻገሪያ ሰባት ድንጋይ ገልብጠን በአምስቱ ላይ አገኘናቸው፤ ድንጋዮቹንም እንደነበሩ መለስናቸው። ከታችኛው ሰባት ገለበጥን። አንድ ደረሳ «አገኘሁ!» ብሎ ጮኸና ሁላችንም ሮጠን ሄድን። የቅጠል ቁራጭ ነበር።