ወረፋ ያስረጀው ቤንዚን

አዲስ አበቤ መኪናውን ያቆማል እንጂ ታንኩን ባዶ አያደርግም። ጎማው ተንፍሶ፣ ባትሪው ሞቶ፣ ቦሎው ካለፈበት ቆይቶ እንኳ ታንኩ ሙሉ ነው። «ይቀመጥ፣ ምን ይሆናል?» ይላል ባለቤቱ። ቤንዚን ግን ብዙ ነገር ይሆናል።

ግቢያችን ውስጥ የቆመችው የአጎቴ ቮልስ ለዚህ ምስክር ናት። ሞተሯ ከኋላ፣ ታንኳ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው፤ ቮልስ የማያውቅ ወጣት ቀጂ ማደያ ላይ ኋላዋን ሲዞር ማየት አጎቴን ሁሌም ያስቃቸው ነበር። ጉልበታቸው ፍሪሲዮን አልረግጥም ሲላቸው አቆሟት። ያቆሟት ግን እስከ አፏ፣ አርባ ሊትር ገደማ አስሞልተው ነው። ለማይነዷት መኪና ለምን እንዳስሞሉ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ አጭር ነው፦ «የዚያን ቀን ወረፋ አልነበረም።»

ይህን መልስ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የካቲት 1966 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ዋጋ ጨመረ፤ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። «ቤንዚን የጀመረውን ቮልስ ጨረሰው» ይላሉ አጎቴ፣ ከታሪክ መምህራን ሁሉ አሳጥረው። ከዚያ ነዳጅ በኩፖን የሚቀዳበት ዘመን መጣ። ዛሬ ያልቀዱት ነገ ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ያኔ ማስሞላት የብልህ ሰው ሥራ ነበር። ኩፖኑ ሄደ፣ ጠባዩ ቀረ። አሁንም ማደያ ደጃፍ መኪና አሰልፎ ማደር አለ፤ ከዋና ከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ ቤንዚን መንገድ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ ይሸጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የነዳጅ ክፍያ እንደ ቴሌብር ባሉ ዘዴዎች በስልክ ሆኗል። ገንዘቡ በሴኮንድ ይደርሳል፤ መኪናው ግን ተራውን ይጠብቃል።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ሌሊት የሚታደርለት ነገር ሲወለድ የሚደፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ኤድዊን ድሬክ ፔንሲልቬኒያ፣ ቲተስቪል ላይ የነዳጅ ጉድጓዱን ሲቆፍር የተፈለገው ለመብራት የሚሆን ላምባ ነው። ድፍድፍ ነዳጁ ሲፈላ ቀድሞ የሚወጣው ቤንዚን ለባለፋብሪካዎቹ ጣጣ ነበር፤ ላምባው ውስጥ ከተቀላቀለ ፋኖስ ያፈነዳል፤ የሚገዛውም ብዙ የለም። የክሊቭላንድ አጣሪዎች ኩያሆጋ ወንዝ ውስጥ ይለቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 በርታ ቤንዝ የባሏን መኪና ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርዝሃይም ስትጓዝ ነዳጅ የገዛችው ቪስሎኽ ከተማ ላይ ከነበረ ፋርማሲ ነው፤ ያኔ እንዲህ ያለው ነገር የሚሸጠው ለልብስ እድፍ ማስለቀቂያ ነበርና። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ሲመጣም በመንገዱ ላይ ማደያ የሚባል አልነበረም። ወረፋም እንዲሁ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ የአሮጌ መኪና ባለቤት ሁሉ በር ይንኳኳበት ጀመር። «ፋዘር፣ ቮልሷ ትሸጣለች?» አጎቴ የመሸጥ ሐሳብ የላቸውም። ግን ጠያቂ ሲበዛ መኪናቸው እንደምትነሳ ማሳየት አማራቸው። ባትሪ ተገዛ፣ ካንዴላ ተቀየረ፤ አልተነሳችም። ካርቡራተሩ ሲከፈት ቀጫጭኖቹ ቀዳዳዎች በቡናማ ሙጫ ተደፍነዋል። የታንኩ ክዳን ሲነሳ የወጣው ሽታም የምናውቀው የማደያ ሽታ አልነበረም፤ የቆየ ቀለም ሽታ ነው፣ አፍንጫን የሚኮመጥጥ።

ቤንዚን በርካታ ፈሳሾች የተቀየጡበት ነው። ከመካከላቸው ቀላሎቹ፣ ጠዋት ሞተር የሚያስነሱት፣ ቀድመው ይተናሉ። የቀረው ከአየር ጋር እየተገናኘ ሙጫ ያወጣል። በተራ አያያዝ ከጥቂት ወራት በላይ እምነት አይጣልበትም። ኢታኖል ካለበት ደግሞ ይብሳል፤ በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ መቀላቀል ጀምሮ ኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውኃው ሲበዛ ከቤንዚኑ ተለይቶ ታች ይተኛል፣ ታንኩም ከሥሩ ይዝጋል።

ስለዚህ የቆየውን ቀድቶ ማውጣት ነው። መካኒኩ ረዳቱን ላከልን፤ ልጁ ሜትር ተኩል የምትሆን ጎማ ቱቦ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ መጣ።

«ፋዘር፣ አንዴ ብስበው ይወርዳል።»

«አፍህን አንሳ፣ አንተ ልጅ!» አሉት አጎቴ።

የዚህ ቱቦ ታሪክ ከመኪናው በብዙ ይረዝማል። የጥንት ግብፆች ወይን ከእንስራ ሲቀዱበት በግድግዳ ሥዕሎቻቸው ላይ ይታያል፤ የእስክንድርያው ሄሮንም በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን አሠራሩን ጽፎታል። ቱቦው አንዴ ከሞላና መውጫው ታንኩ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ከፍታ ዝቅ ካለ የቀረውን ክብደቱ ራሱ ይሠራዋል፤ አፍ የሚያስፈልገው ለማስጀመር ብቻ ነው። የጥንቱ ቱቦ በላስቲክ ተተካ፣ ወይኑ በቤንዚን ተተካ፣ አፉ ግን አልተተካም። አጎቴ በጉብዝናቸው ሲስቡ የኖሩት ደግሞ እርሳስ ያለበትን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ሞተር እንዳይንኳኳ ተብሎ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው መርዝ ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች ማደያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ነው።

ቤንዚን ለጠጣ ሰው ሠፈሩ ወተት ያዛል። አስታውከው የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም ክፉ ምክር ነው። ዋናው አደጋ ወደ ሳንባ የገባችው ጥቂት ጠብታ ናት፤ ሲያስታውኩ ደግሞ በመውጣቱም መንገድ ትገባለች። እንዲህ የሆነበት ሰው በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው።

ልጁ አኩርፎ ቱቦውን ጠቀለለ። በቮልስ ላይ ደግሞ ያለ ቱቦም ይቻላል፤ ታንኩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ከሥሩ የሚወጣውን የነዳጅ መስመር ፈትቶ ወደ ጀሪካን ማውረድ ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቀለ፤ ከብረት የተሠሩት ጀሪካኖች መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጁ ጀርባው ላይ ተንጋሎ ሥር ገባ።

ልክ በዚህ ጊዜ ከጎን ያሉት እትዬ ከሰላቸውን አያያዙ። ቅዳሜ ነው፣ ቡና ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ እሳት ይፈልጋል። የእኛን ግቢ የሚያህል ርቀት ደግሞ አይበዛበትም። ላስረዳቸው ሄድኩ።

«ለቆመ መኪና ብዬ ቡናዬን ላቁም?» አሉኝ። ቢሆንም ከሰሉን አመድ አልብሰው ወደ ጓሮ አዞሩት። አቦል የደረሰን ጀሪካኖቹ ሁሉ ተከድነው ከግቢ ከወጡ በኋላ ነው።

የወረደው መጀመሪያ ላይ የሻይ ቀለም ነበረው፤ ወደ መጨረሻው ጠቆረ፣ ከዚያ የጠላ አተላ የመሰለ ዝገትና ውኃ መጣ። አጎቴ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። «ይህን ሳስቀዳ እኮ ንጹሕ ነበር» አሉ፣ ማደያውን የሚከሱ ይመስል።

ከዚያ የት ይግባ የሚለው መጣ። እትዬ ላምባ ላይ ቀላቅለው ለቡታጋዛቸው ፈለጉት። ይህ አይሆንም፤ በድሬክ ዘመን ፋኖስ ያፈነዳው ድብልቅ ይኸው ነው። ልጁ ቦይ ውስጥ እንልቀቀው አለ። የሠፈራችን ቦይ መድረሻው የአቃቂ ወንዝ ነው፤ የክሊቭላንድን ሥራ መቶ ስልሳ ዓመት ዘግይተን ልንደግመው አልፈለግንም። በመጨረሻ ጋራዡ ለዕቃ ማጠቢያ ወሰደው፤ ለነገሩ ዕቃ ለማጠብም የሚመች አልነበረም፣ ግን ወሰዱት።

ታንኩ ወርዶ ታጠበ፣ ካርቡራተሩ ተነፋ፣ ፊልትሮ ተቀየረ፤ በአምስት ሊትር ትኩስ ቤንዚን ቮልሷ ተነሳች። አጎቴ ጋቢና ገብተው ነዳጅ ሰጡ፣ ሠፈሩን አጨሱት፣ ወረዱ። ከዚያም ወደ ስልኬ እያመለከቱ «ወረፋ ከሌለ ሙሉ አስደርጋት» አሉ።

አላስሞላሁም። ሙሉ ታንክ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ግን ይህ ለጥቂት ወር ለምትቆም መኪና ነው። ዓመት የማትነዳ መኪና ያለዎት እንደሆነ ያለውን ሳይበላሽ ቀድተው ለሚጠቀምበት ይስጡ፣ ለሌላም አይሰለፉ። ከኋላዎ የቆመው ሚኒባስ ዛሬውኑ ይሠራበታል።